ልምምዱ ትርኢት ሲሆን፦ የካሚሪቱ ተውኔቶችና የመጀመሪያ ተመልካቾቻቸው (1977–1982)

1. መግቢያ

የአንድ ተውኔት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከተመረቀበት ዕለት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ንባብ፣ የመድረክ ልምምድና ለጥቂት ታዳሚ የሚቀርበው ቅድመ ምርቃት ትርኢት የቤት ውስጥ ጣጣ ተደርጎ ይታለፋል። ከናይሮቢ ወጣ ብላ በሊሙሩ አጠገብ በምትገኘው በካሚሪቱ መንደር የተዘጋጁት ሁለት ተውኔቶች ግን ለዚህ ልማድ አይመቹም። የመጀመሪያው «ንጋሂካ ንዴንዳ» ይባላል፤ «በፈለግሁ ጊዜ አገባለሁ» ማለት ነው። ከመመረቁ በፊት የመንደሩ ሕዝብ እያየውና እያረመው ለወራት በአደባባይ ተለማምደውታል። ሁለተኛው «ማይቱ ንጁጊራ»፣ በአማርኛ «እናቴ ሆይ፣ ዝፈኝልኝ»፣ ሙዚቃዊ ተውኔት ሲሆን ከቶ ሳይመረቅ ቀርቷል። ሕዝብ ያየው ልምምዱን ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እነዚህ የመጀመሪያ ተመልካቾች ለሥራዎቹ የሰጡትን ምላሽና ምላሹ ያስከተለውን ነው። መከራከሪያችን በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በካሚሪቱ የተመልካች ምላሽ ከተውኔቱ በኋላ የሚመጣ ፍርድ አልነበረም፤ ተውኔቱ የተሠራበት መሣሪያ ነበር። ይህን ያስቻለው በመጀመሪያ ደረጃ ቋንቋው ነው። መንግሥትም እጁን ያነሣው በዚሁ ምላሽ ላይ ነው። ጉዳዩ የአካባቢያችንን ቋንቋዎች ለሚያጠኑ ሁሉ የሚያነሣው የአሠራር ጥያቄ ስላለ በመጨረሻው ክፍል እንመለስበታለን።

ያልተለየ ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስሞችንም የአማርኛ አንባቢ በለመደው አጻጻፍ እናቀርባለን። በጊኩዩ አነጋገር «ንጉጊ» የሚለው ስም ወደ «ንጎጌ» እንደሚጠጋ ግን አንባቢው እንዲያስታውስ ይሁን።

2. ከካሚሪቱ በፊት

ኬንያ በ1963 ነፃነቷን ስታገኝ በናይሮቢ የሚገኘው ብሔራዊ ቴአትር ቤት ከቅኝ ግዛት ዘመን የተወረሰ ተቋም ነበር። ነፃነት ከተገኘም በኋላ ለረጅም ጊዜ በመድረኩ ላይ የገነነው እንግሊዝኛ ነው። ኬንያውያን ጸሐፌ ተውኔቶችም በዚያ መድረክ ቦታ ለማግኘት መታገል ነበረባቸው። በ1976 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሚቼሬ ጊታኤ ሙጎ በጋራ የጻፉት፣ የማኡ ማኡን መሪ የዴዳን ኪማቲን የፍርድ ሂደት የሚተርከው ተውኔት በዚሁ ቤት ታየ። ተውኔቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም ዘፈኖች ነበሩት። ንጉጊ በኋላ እንደ ገለጸው ተመልካቹ በመጨረሻው ዘፈንና ጭፈራ ከተዋንያኑ ጋር ተቀላቅሎ ከአዳራሹ እየዘፈነ ወጥቷል።

ይህ ክስተት ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ በእንግሊዝኛው ቃለ ተውኔት ጊዜ ዝም ብሎ ያዳመጠው ታዳሚ በዘፈኑ ጊዜ ባለቤት ሆነ። ሁለተኛ፣ ባለቤትነቱ የመጣው ሥራው ተጠናቅቆ መጋረጃው ሊዘጋ ሲል ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉን ሊለውጠው አልቻለም። ቋንቋው ተለውጦ ተመልካቹ ከመጀመሪያው ቢገባ ምን ሊሆን እንደሚችል የታየው በቀጣዩ ዓመት በካሚሪቱ ነው።

3. መንደሩና ተውኔቱ

ካሚሪቱ በ1950ዎቹ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት እንግሊዞች ገበሬውን ከጫካ ተዋጊዎች ለመነጠል ካቋቋሟቸው መንደሮች አንዷ ናት። ነዋሪዎቿ የሻይ እርሻ ሠራተኞች፣ የፋብሪካ ላብ አደሮች፣ ጥቃቅን ነጋዴዎችና ሥራ አጦች ነበሩ። በ1976 በመንደሩ ማእከል የጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ትምህርት ተጀመረ። ትምህርቱን ካስተባበሩት አንዱ ንጉጊ ዋ ሚሪ ሲሆን፣ የልቦለድ ደራሲውና በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም የማእከሉ አባል ነበር። ጎልማሶቹ ፊደል ቆጥረው ሲጨርሱ «ቀጥሎስ?» የሚል ጥያቄ መጣ። መልሱ ቴአትር ሆነ። ሁለቱ ንጉጊዎችም የተውኔቱን ረቂቅ እንዲያዘጋጁ ተወከሉ።

ታሪኩ ለማንም የመንደሩ ሰው የሚገባ ነው። ኪጉንዳ የተባለ የእርሻ ሠራተኛ ከአንድ ሄክታር የምታንስ መሬት አለችው፤ የባለቤትነት ደብተሯ በጎጆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አሠሪው ባለጸጋ ኪኦይ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ጋብቻውን በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲያድስ ያግባባዋል። ኪጉንዳ ለሠርጉ መሬቱን አስይዞ ከባንክ ይበደራል፤ በመጨረሻም መሬቱ ይወሰዳል። የስላቁ ዋና መሣሪያ ስያሜ ነው። ባለጸጋው በክርስትና ስሙ አክአብ፣ ሚስቱም ኤልዛቤል ይባላሉ። የናቡቴን የወይን ቦታ ታሪክ ከመጽሐፈ ነገሥት ለሰማ ሰው ገና ስሙ ሲጠራ ፍጻሜው ይታወቀዋል። የባለጸጋው ልጅ ስምም ሙሁኒ ነው፤ ከስዋሂሊው «ምሁኒ» ጋር የሚዛመድ፣ «ዋልጌ» እንደ ማለት ያለ ቃል ነው። እንዲህ ያለው ስላቅ ማብራሪያ ሲጨመርበት ይሞታል። ሕይወት የሚኖረው በቋንቋው ውስጥ ባደገ ጆሮ ብቻ ነው።

4. ቋንቋን ያረመ ታዳሚ

ረቂቁ በ1977 የጸደይ ወራት በማእከሉ በይፋ ተነበበ። ከጁን ጀምሮም ልምምዱ በአደባባይ ቀጠለ። ለተዋንያን ምርጫም ሆነ ለልምምድ በር አልተዘጋም፤ የፈለገ ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ያሻውን ይናገራል። አዘጋጁ ኪማኒ ጌሻው ነበር። የመንደሩ ሰዎች የመድረኩን ንድፍ መጀመሪያ በክብሪት እንጨቶች መሬት ላይ ደርድረው ካዩ በኋላ ከ2,000 ሰው በላይ የሚያስቀምጥ ገላጣ ቴአትር በገዛ ጉልበታቸው ሠሩ።

የታዳሚው ምላሽ በሦስት ረድፍ ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው የአነጋገር ሥርዓትን የሚመለከት ነው። ሽማግሌዎች ገጸ ባሕርያቱ ለዕድሜያቸውና ለማዕረጋቸው የማይገባ ቃል ሲናገሩ አስቁመው ያርሙ ነበር። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ታዳሚ ልጅ ሽማግሌን «አንተ» ሲል ቢሰማ ተውኔቱ ምንም ያህል ቢያምር ከመቀመጫው ያጉረመርማል። ልዩነቱ በካሚሪቱ ጉርምርምታው በልምምድ ጊዜ መሰማቱና በማግስቱ ወደ ጽሑፉ መግባቱ ነው። ሁለቱ ደራስያን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነበር፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን የተናጋሪነት ደረጃዎች የሚያስተምራቸው ይህ ታዳሚ ሆነ።

ሁለተኛው ዜማን ይመለከታል። በተውኔቱ ውስጥ በጋብቻ ሥርዓት ሴቶች በመቀባበል የሚያዜሙት «ጊቲሮ» የተባለ ክፍል አለ። ደራስያኑ ስሙን እንጂ አካሄዱን አጥርተው አያውቁም ነበር። ንጉጊ እንደ ጻፈው የዚህን ክፍል ቃል ያስተማረቻቸው ማንበብና መጻፍ የማትችል አንዲት የመንደሩ አሮጊት ናት። መድረኩ ላይ ያለውን ቅርጽ የወሰነችው እንግዲህ የፊደል እውቀት ሳይሆን የሥርዓት እውቀት የነበራት ሴት ናት።

ሦስተኛው ረድፍ የይዘት እርማት ነው። በሊሙሩ የጫማ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች በተውኔቱ ስለ ፋብሪካ ሕይወት የተነገረው በቂ እንዳልሆነ ተናገሩ። ንጉጊ በ1986 ባሳተመው «አእምሮን ከቅኝ ግዛት ማላቀቅ» በተሰኘው መጽሐፉ እንደሚያስታውሰው ከመካከላቸው አንዱ በሒሳብ አስረዳ፦ የሦስት ሺህ ሠራተኞችን የወር ደመወዝ የሚሸፍን ጫማ በአንድ ቀን ይመረታል፤ ታዲያ የቀሩት ሃያ ዘጠኝ ቀናት ለማን ነው? ሠራተኞቹ ይህ ዝርዝር ለመድረክ ይከብዳል ተብሎ እንዲቀነስ አልፈለጉም። ምፀቱን ያጠነከረው የደራሲ ብልሃት አልነበረም፤ የሠራተኛው ሒሳብ ነው።

በእነዚህ ወራት ተደጋግሞ የታየ ሌላ ነገርም አለ። ልምምዱ ክፍት ስለ ነበር ብዙ የመንደሩ ሰው ቃለ ተውኔቱን በቃሉ ያዘው። ተዋናይ ሲሳሳት ከታዳሚው መካከል የሚያስታውሰው አይጠፋም። ቅድመ ምርቃት ትርኢት በሌላ ስፍራ የሚታየው ሥራው ይወደድ አይወደድ እንደሆነ ለመመዘን ነው። በካሚሪቱ ግን ተውኔቱ በኦክቶበር 2 ቀን 1977 ለከፋይ ተመልካች ሲከፈት፣ ያውም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ 25ኛ ዓመት በሞላበት ወር፣ ከፊሉ ተመልካች ሊያይ የመጣው የራሱን ሥራ ነበር።

5. ፈቃዱ የተሰረዘበት ምክንያት

ተውኔቱ ስድስት ሳምንት ያህል ቆየ። ከሩቅ ቦታ ሳይቀር በአውቶቡስና በማታቱ እየመጡ አዩት። በኖቬምበር 16 የአውራጃው አስተዳደር የትርኢት ፈቃዱን ሰረዘ። በዲሴምበር 31 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተያዘ፤ ያለ ፍርድ ታስሮም በዲሴምበር 12 ቀን 1978 ተፈታ።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር የግድ ነው። የዚሁ ደራሲ በእንግሊዝኛ የተጻፈ «የደም ቅጠሎች» የተሰኘ ልቦለድ በዚያው ዓመት በጁላይ በናይሮቢ ሲመረቅ ያስመረቁት የወቅቱ የገንዘብ ሚኒስትር ምዋይ ኪባኪ ነበሩ። ልቦለዱ ነፃነት ካመጣቸው አዳዲስ ባለጸጎች ላይ የሚሰነዝረው ሂስ ከተውኔቱ የሚለሰልስ አይደለም። በሀገሪቱ ገዥዎች ላይ የቀረበው ክስ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ አንዱ በሚኒስትር ተመረቀ፣ ሌላው ደራሲውን አሳሰረ። ልዩነቱ በሁለት ነገር ይገለጻል፦ በቋንቋውና ቋንቋው በፈጠረው የታዳሚ ዓይነት። ልቦለድ አንባቢ ለብቻው ይገረማል፤ የካሚሪቱ ተመልካች ግን በሺህ ሆኖ በአንድ ጊዜ ይስቃል፣ የሳቀበትንም ነገር ጎረቤቱ እንዳወቀው ያውቃል። ሳቅ የጋራ እውቀት ሲሆን ጽሑፉን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ መሰብሰቢያውንም መዝጋት ያስፈልጋል። የሆነውም ይኸው ነው።

6. «ማይቱ ንጁጊራ»፦ ያልተመረቀው ሙዚቃዊ ተውኔት

ንጉጊ ከእስር ከተፈታ በኋላ የካሚሪቱ ቡድን ሁለተኛ ሥራ አሰናዳ። «ማይቱ ንጁጊራ» ወደ 1920ዎቹና 1930ዎቹ ይመለሳል፦ የተነጠቀ መሬት፣ በዚያው በተነጠቀው መሬት ላይ የግዳጅ ሥራ፣ ግብር፣ በአንገት የሚንጠለጠለው የ«ኪፓንዴ» መታወቂያ። ታሪኩን የሚሸከመው ከንግግር ይልቅ ዘፈን፣ ጭፈራና የዝምታ ትወና ነው፤ የዘመኑን ፎቶግራፎች የሚያሳይ ስላይድም ታክሎበታል። ከ80 የሚበልጡት ዘፈኖቹ ከተለያዩ የኬንያ ብሔረሰቦች የተሰባሰቡ ነበሩ።

ይህ ምርጫ የቋንቋ ጥያቄ መልስ ነበር። የመጀመሪያው ተውኔት በጊኩዩ በመጻፉ ጊኩዩ ያልሆነውን ኬንያዊ ከውጭ ያስቀራል የሚል ትችት ሊነሣ ይችላል፤ ትችቱም መሠረት አለው። ቡድኑ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ስዋሂሊ ብቻ አልዞረም። ቃለ ተውኔቱን በጊኩዩ ትቶ በዜማው በኩል ሌሎቹን ቋንቋዎች ወደ መድረክ አስገባ። አንድ ታዳሚ ቃሉን ባይረዳ እንኳ በአንዱ ዘፈን ላይ የራሱን ቋንቋ ይሰማል፤ በዚያም በኩል ወደ ታሪኩ ይገባል።

ተውኔቱ በፌብሩዋሪ 19 ቀን 1982 በብሔራዊ ቴአትር ቤት እንዲመረቅ ታቅዶ ነበር። የፈቃድ ማመልከቻው አስቀድሞ ገብቷል፤ ሆኖም ተፈቅዷል ወይም ተከልክሏል የሚል መልስ አልመጣም። በቀኑ ተዋንያኑ የቴአትር ቤቱን በር ተዘግቶ አገኙት። ከዚያ በፊትና በኋላ ግን በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ልምምዱ ይካሄድ ነበር፤ ሕዝቡም ወሬውን ሰምቶ ወደዚያው ጎረፈ። ለትርኢት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ልምምድ ግን ልምምድ ነው። በዚህች ጠባብ የሕግ ቀዳዳ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሥራውን አየ። አዳራሹ ሞልቶ ሰዉ በደረጃውና በመተላለፊያው ይቀመጥ ነበር። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ዩኒቨርሲቲውም በሩን እንዲዘጋ ታዘዘ።

ስዊድናዊቷ ተመራማሪ ኢንግሪድ ቢዮርክማን እነዚህን ልምምዶች ያዩ ሰዎችን አነጋግራ በ1989 መጽሐፍ አሳትማለች። ተውኔቱ ራሱ እንደ «ንጋሂካ ንዴንዳ» በመጽሐፍ መልክ ለአንባቢ ስላልደረሰ፣ ስለ ሥራው ከሚመሰክሩት ሰነዶች አንዱና ዋነኛው የተመልካቾቹ ትዝታ ሆኖ ቀርቷል። በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ዘወትር የምናውቀው ጽሑፍ ኖሮ ታዳሚው የጠፋበትን ሁኔታ ነው፤ እዚህ ግን ታዳሚው ለጽሑፉ ምስክር ሆነ።

የመንግሥት እርምጃም ከአዳራሹ አልፎ ወደ መንደሩ ወረደ። በማርች 11 ቀን 1982 የካሚሪቱ ማእከል ታገደ፣ በአካባቢውም የቴአትር እንቅስቃሴ ተከለከለ። በማግስቱ የታጠቁ ፖሊሶች በሦስት የጭነት መኪና መጥተው ሕዝቡ የሠራውን ገላጣ ቴአትር አፈረሱት። ንጉጊ ዋ ሚሪና ኪማኒ ጌሻው ወደ ዚምባብዌ ተሰደዱ፤ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም በዚያው ዓመት ለመጽሐፍ ምርቃት ለንደን ሳለ መመለስ አደገኛ ሆኖበት በስደት ቀረ።

7. ከእኛ መድረክ ጋር ሲነጻጸር

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ተውኔት ጅማሬ ተደርጎ የሚወሰደው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» እንዲሁ ስላቅ ነበር፤ እንስሳት እየተናገሩ ሹማምንትን ይነካል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ ታይቶ ወዲያው ታገደ። ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኘው ክልከላው ብቻ አይደለም፤ በሁለቱም ቦታ ክልከላውን የጠራው ታዳሚው ወርቁን ማግኘቱ ነው። የሚለያዩት ታዳሚው ማን እንደ ነበር ነው። የ«ፋቡላ» ተመልካች ራሱ የስላቁ ዒላማ የሆነው ወገን ነበር፤ የካሚሪቱ ተመልካች ግን ስላቁን በልምምድ ጊዜ አብሮ የሳለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ማገድ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ጉዳይ ነበር፤ ሁለተኛውን ለማቆም ግን መድረክ ማፍረስ አስፈልጓል።

ታዳሚ አብሮ የሚደርስበት ልማድ ግን ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ስንኙ የማን ነው? የሰጪው ነው እንዳንል ያለ አዝማሪው አይሰማም፤ የአዝማሪው ነው እንዳንል ቃሉን ያመጣው ሌላ ነው። በዚህ ልማድ ደራሲና አድማጭ የሚለዩበት ወሰን የተቆረጠ አይደለም። የካሚሪቱን ልምምድ ከውጭ የመጣ የቴአትር ሙከራ አድርጎ ከማየት ይልቅ በምሥራቅ አፍሪካና በቀንዱ አገሮች ከኖረው ከዚህ የመቀባበል ባሕል ጎን ማስቀመጥ ይበልጥ ያስኬዳል።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለቋንቋ ጥናት የሚተርፍ ሁለት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ሥነ ዘዴያዊ ነው። «ንጋሂካ ንዴንዳ» በ1980 በጊኩዩ፣ በ1982 በእንግሊዝኛ ሲታተም በሽፋኑ ላይ የሁለት ሰዎች ስም ሰፈረ። ይህን መጽሐፍ የጊኩዩ አነጋገር ናሙና አድርጎ የሚጠቀም ተመራማሪ ከፊቱ ያለው የሁለት ደራስያን ቋንቋ ብቻ እንዳልሆነ፣ ለወራት በጋራ የተበጠረ የሽማግሌዎች፣ የሴቶችና የሠራተኞች አነጋገር እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። በአካባቢያችን ቋንቋዎች የታተሙ ብዙ ተውኔቶች እንዲህ ያለ የተሰወረ አርታኢ አላቸው። የልምምድ ረቂቆች፣ የአዘጋጅ ማስታወሻዎችና የተዋንያን ትዝታዎች ሳይጠፉ ቢሰበሰቡ ቃሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ለማየት ያስችላሉ። ጥንቃቄም ያሻል፤ የካሚሪቱን ታዳሚ ድምፅ በአብዛኛው የምንሰማው በደራሲው ብዕር በኩል ነው፤ ደራሲውም በጉዳዩ ወገን የያዘ ሰው ነበር። የቢዮርክማን ቃለ መጠይቆች ዋጋቸው ከፍ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የቋንቋ ፖሊሲን ይነካል። በጃንዩዋሪ 2000 አፍሪካውያን ደራስያንና ምሁራን በአስመራ ተሰብስበው ስለ አፍሪካ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ መግለጫ ሲያወጡ ንጉጊም ከመካከላቸው ነበር። መግለጫው የአፍሪካ ቋንቋዎች ለአህጉሩ ድምፅ የመሆን ኃላፊነት እንዲሸከሙ ይጠይቃል። ካሚሪቱ ይህ ጥያቄ በተግባር ምን እንደሚመስል ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ አሳይቷል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻፍ ማለት ለአንባቢ መቅረብ ብቻ አይደለም፤ ለእርማት መጋለጥም ነው። በእንግሊዝኛ የጻፈውን ደራሲ የመንደሩ ሽማግሌ ሊያስቆመው አይችልም፤ በጊኩዩ ሲጽፍ ግን ይችላል፣ አስቁሞታልም።

«ንጋሂካ ንዴንዳ» በሜይ 2022 በጊኩዩና በእንግሊዝኛ ዳግም በናይሮቢ ታየ። በዚህ ጊዜ ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የተጠናቀቀ፣ ዝነኛ ሥራ ነበር የተመለከተው። ንጉጊ ዋ ሚሪ በ2008 በስደት አገር፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም በ2025 ዐርፈዋል። መድረኩ በክብሪት እንጨት ሲነደፍ ያዩት፣ ተዋናይ ሲሳሳት ከዳር ሆነው ቃሉን ያስታወሱት የመንደሩ ሰዎችም በዕድሜ እየገፉ ነው። የእነርሱ ምስክርነት በገዛ ቋንቋቸው፣ ከነአነጋገሩ፣ አሁኑኑ መቀዳት ይኖርበታል። የዚህ ተውኔት የመጀመሪያ ቅጂ ያለው በእነርሱ ዘንድ ነውና።